መማር፣ ጠብቆም ላልቶም

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሌሊት ፈረቃ፣
የጥጥ ብናኝ ለብሼ፣ ግማሼ ሳይነቃ፣
ከኮምቦልቻ ሽቅብ ሐረጎን ስወጣ
በያንዳንዱ ኩርባ ላቤ እየመጣ፤
ረዳቱ ይስቃል፦ «ሉባባ ደግሞ እንዴት፣
ስድስት ዓመት ሙሉ ያው መንገድ፣ ያው ስጋት?»
ምን ብዬ ልመልስ? እቆጥራለሁ እኔም፣
ስንቴ ወጣን፣ ወረድን፣ አንድ ቀን አልወደቅንም፤
ልቤ ግን ቁጥር አያውቅም።
አንድ ክፉ ነገር በቃሉ ይይዛል፣
መቶ ደህና ነግሬው «አልሰማሁም» ይላል።

ክፍሏ ደሴ ላይ፣ ከሆስፒታሉ ጓሮ ናት፣
የጦሳ ጉም በመስኮት ገብቶ የሚቀመጥባት።
ቅጹን ሰጡኝ፣ አነበብሁ፦ «ግንባርሽ ትንሽ ይበላሻል።»
ያሳክክሻል ማለት ነው? ወይስ ከጥቅም ውጭ ይሆናል?
እንድሪስ ሳቀ፤ «ማሳከክ ነው» አለ፣
ስፖንጁን ጨው ውሃ ነከረ፣
በላስቲክ ቀበቶ ከግንባሬ አሰረ።
ግንባሬ እንደሁ ድሮም አልነበረም የደህና ሰው፤
ከዚህ በላይ ምን ሊያበላሸው።

አረንጓዴ ክብ ሲመጣ፣ ጆሮ የሚሰነጥቅ ጩኸት፤
ቢጫው ክብ ሲመጣ፣ ምንም።
ያ ነው ትምህርቱ፣ ሌላ የለበትም።
አረንጓዴውን ባንድ ጊዜ አወቅሁት፣
ከአጥንቴ ጻፍሁት።
ቢጫው ግን! አስር ጊዜ መጣ፣ ሃያ፤ አልጮኸም፤
ትከሻዬ ከጆሮዬ አልወረደም።
«ምንም»ን መማር እንዲህ ይከብዳል?

ሽመናው አዳራሽ ሁለት መቶ ማሽን ሲያጓራ
እንቅልፍ ይወስደኛል።
የሚያስፈራኝ ሲቆም ነው።
ከዚያ ጥቅምት ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር
ከቁም ሳጥኑ ኋላ ነኝ።
ጎረቤቴ ጦይባ ናት፣ ወንፊት ልትዋስ፤ ሁሌም እሷው ናት።
ወንፊቱን ይዤ እስክወጣ ሄዳለች።

ዶክተር የሻረግ እንዲህ አለችኝ፦
«ፈሪ ልብ ሰነፍ አይደለም፤ ጎበዝ ተማሪ ነው፣
አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው ያለው።
ይቺ የኤሌክትሪክ ጅረት ከእጅ ባትሪ ታንሳለች፣
ምንም አታስተምርም፤
ገጽ ለመግለጥ ትረዳ እንደሁ ነው የምናየው።
ደግሞ ዕጣ አለው፤ ለግማሹ እውነት፣ ለግማሹ ማስመሰያ፤
ላንቺ የደረሰውን እኔም አላውቅ፣ እንድሪስም፤
ፖስታው ታሽጓል።»

እናቴ ቅጹን አየችው። ርእሱ «የመማር ጥናት» ይላል።
አላልታ አነበበችው።
«ማንን ነው የምትምሪው?» አለችኝ።
ጠብቆ ነው እማ፣ ትምህርት ነው፣ ብዬ ላርማት አፌን ከፈትሁ፤
ተውሁት።

አምስተኛው ማክሰኞ መብራት ሄደ።
ከፒያሳ እስከ ሆጤ ደሴ ድርግም አለ፣
ኮምፒዩተሩ ሞተ፣ ጉሙ ብቻ ቀረ።
የግንባሬ ዕቃ ግን በባትሪ ነበረ፤
«ከተማው ሙሉ ጠፍቶ» አለኝ እንድሪስ በጨለማ፣
«መብራት ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ማስመሰያ ካልሆነማ።»
ሳቅን። ዝም አልን።
በሩ ተንኳኳ።
ቁም ሳጥን የለም እዚያ፤ ገመዱ ይዞኛል፤
እጄ ወደ ጆሮዬ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ።
«ማን ነው?» አልሁ።
እኔ ነኝ ያልሁት።
ዘበኛው ናቸው፣ ሻማ ይዘው፤
«ክብሪት አላችሁ?»

ፖስታው ለሰኔ ይከፈታል ብለዋል።
ጨው ውሃ ብቻ ከነበረም፣ ጨው ውሃ ይባል።
ሐረጎን ስንወርድ እንደ ድሮው አላበኝ፣
ረዳቱም እንደ ድሮው ሳቀብኝ።
ሰባተኛው ኩርባ ላይ ግን አንድ ዓይኔን ገለጥሁ፦
ገደሉ አፋፍ ላይ አንዲት አህያ
ቢጫ ጀሪካን ተሸክማ ቆማለች፣
ከታች ቦርከና፣ የፋብሪካው ጣሪያ፤
ምንም አልሆነችም።
መልሼ ጨፈንሁ።

ነገ ጦይባ ትመጣለች።
ወንፊቱን ከበሩ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ።